አሮጊቷ ከሽርጧ ያፈሰሰችው ድንጋይ

በአየርላንድ ሚዝ አውራጃ፣ ኦልድካስል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ «ስሊቭ ና ካሊ» የሚባሉ ኮረብቶች አሉ፤ የአሮጊቷ ተራራ ማለት ነው። ያገሩ ሰው ሲያወጋ፣ አንዲት ግዙፍ ጠንቋይ አሮጊት ሽርጧን ድንጋይ ሞልታ ከኮረብታ ኮረብታ እየዘለለች በየጫፉ ታፈስ ነበር። የመጨረሻውን ዝላይ ሳትጨርስ ወድቃ ሞተች ይላል።

አሮጊቷ አፈሰሰቻቸው የሚባሉት የድንጋይ ክምሮች ግን መቃብሮች ናቸው፤ ከ5,000 ዓመት በፊት የነበሩ ገበሬዎች የሠሯቸው፣ የጊዛን ፒራሚዶች በዕድሜ የሚበልጡ። ከሁሉ የታወቀው «ኬርን ቲ» 276 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የክምሩ ወርድ 35 ሜትር ያህል ነው። በጎኑ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ጎንበስ ብሎ የገባን ሰው ሦስት ጓዳ ወዳለው ክፍል ያደርሰዋል፤ የተቃጠለ የሰው አጥንትም የተገኘው በዚያ ነው።

በ1863 እ.ኤ.አ. ዩጂን ኮንዌል የተባለ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ኮረብቶቹን ወጥቶ አየ። ልቡ እዚያው ቀረ። ተመልሶ ቆፈረ፣ በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹትን ቅርጾች በእጁ ነደፈ፣ ክምሮቹንም በፊደል ሰየመ። ከኬርን ቲ ውጭ ያለውን፣ ሕዝቡ «የአሮጊቷ ወንበር» የሚለውን ግዙፍ ድንጋይ ደግሞ የጥንቱ ሕግ አውጪ ንጉሥ የኦላቭ ፎላ የፍርድ ዙፋን ነው ብሎ በ1873 መጽሐፍ አሳተመ። ተሳስቷል፤ ንጉሡ የአፈ ታሪክ ሰው ነው። ቢሆንም ድካሙን አከብራለሁ፤ ዛሬም መቃብሮቹን የምንጠራው እርሱ በሰጣቸው ፊደል ነው።

ኮንዌል የነደፈው፣ በኬርን ቲ ክፍል ውስጥ ያለው ድንጋይ ግን ሌላ ነገር ይዞ ነበር። በክበብ ውስጥ እንደ አበባ የተከፈሉ ጨረሮች ተቀርጸውበታል። በ1980 ማርቲን ብሬናንና ጃክ ሮበርትስ በዕሪና ሰሞን፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድ ውስጥ ሆነው ጠበቁ። ፀሐይ ስትወጣ ጨረሯ በመተላለፊያው ገብቶ ድንጋዩ ላይ አረፈ፤ አራት ማዕዘን ብርሃን ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል እየተንሸራተተ ቅርጾቹን በየተራ አበራ። ያን ድንጋይ የቀረጸ ሰው ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ያውቅ ነበር፤ ለዚህም ስንት ማለዳ ብርድ ላይ እንደተቀመጠ ሳስብ ይገርመኛል።

በቅርብ ዓመታት ክፍሉ ለጥበቃ ሲባል ለጎብኚ ተዘግቶ ቆይቷል። በመጋቢትና በመስከረም ማለዳ ሰው ኮረብታውን ወጥቶ ደጁ ላይ ይቆማል፤ ብርሃኑ በብረት በሩ ክፍተት ገብቶ እንደ ልማዱ ድንጋዩን ያገኘዋል።