የቦዲ ኮንትሮል ሞጁል ቅያሬ

የቦዲ ኮንትሮል ሞጁል ቅያሬ ማለት በመኪና ውስጥ የመብራት፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅ፣ የበር መቆለፊያና የስርቆት መከላከያ ሥራዎችን የሚያቀናጀውን ኮምፒውተር አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። ይህ ኮምፒውተር በምህጻረ ቃል ቢሲኤም ይባላል። ከፊውዝ ወይም ከሪሌ የሚለየው በውስጡ የተጻፈ መረጃ ስላለው ነው። ስለዚህ አዲሱን ሰክቶ መሄድ አይበቃም፤ ሞጁሉና መኪናው እንዲተዋወቁ ካልተደረገ ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ሸቭሮሌት ትሬይልብሌዘርን በምሳሌነት ይወስዳል።

ትሬይልብሌዘር

ትሬይልብሌዘር ጄኔራል ሞተርስ ከ2002 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባሉት የሞዴል ዓመታት በአሜሪካ ያመረተው መካከለኛ ኤስ ዩ ቪ ነው። ከዋና መገጣጠሚያዎቹ አንዱ በኦሃዮ ግዛት በሞሬን ከተማ የነበረው ፋብሪካ ሲሆን፣ ይህ ፋብሪካ በዲሴምበር 2008 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ጂኤምሲ ኤንቮይ፣ ኦልድስሞቢል ብራቫዳ፣ ቢዊክ ሬኒየር፣ አይሱዙ አሴንደር እና ሳብ 9-7ኤክስ በዚሁ መሠረት ላይ የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ መኪናዎች ዕድሜ ምክንያት የኤሌክትሪክ ብልሽት በብዛት ያጋጥማል፤ ያለ ምርመራ የተገዛ ሞጁል ደግሞ ለባለቤቱ ከንቱ ወጪ ይሆናል።

የሞጁሉ ተግባር

ቀደም ባሉት መኪናዎች እያንዳንዱ መብራት ከማብሪያው ጋር በራሱ ሽቦ ይገናኝ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ዕቃዎች ሲበዙ ግን የሽቦው ብዛት፣ ክብደትና ዋጋ አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ ሥራው ለተለያዩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ተከፋፍሎ፣ ኮምፒውተሮቹ በጋራ የመረጃ መስመር እንዲነጋገሩ ተደረገ። በትሬይልብሌዘር ይህ መስመር ክላስ ቱ ይባላል፤ በአንድ ሽቦ በሰከንድ 10.4 ኪሎቢት ያስተላልፋል። በኋላ በተሠሩ መኪናዎች የተለመደው ካን የተባለው መስመር በሰከንድ 500 ኪሎቢት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መብራት ለማብራትና በር ለመቆለፍ ግን ዝግተኛው መስመር ይበቃል።

ቢሲኤም በር ሲከፈት የውስጡን መብራት ያበራል፤ ሲመሽ የፊት መብራት በራሱ እንዲበራ ያዛል፤ ቁልፍ ሳይነቀል በር ሲከፈት ድምፅ ያሰማል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ሬዲዮው ለጥቂት ጊዜ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ለበሮቹ ደግሞ በሮቹ ላይ ካሉት ሞጁሎች ጋር ይነጋገራል።

ከሁሉም የሚከብደው ኃላፊነቱ ፓስሎክ የተባለው የስርቆት መከላከያ ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር በቁልፉ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ሴንሰር ለቢሲኤም ምልክት ይልካል። ቢሲኤም ምልክቱን ከሚያውቀው ጋር አመሳክሮ ትክክል ከሆነ ለሞተሩ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ያስተላልፋል። የይለፍ ቃሉ ካልደረሰ ወይም የተሳሳተ ከሆነ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅ ይከለክላል።

የብልሽት ምልክቶችና መንስኤዎች

የተለመዱት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- የውስጥ መብራት አልጠፋ ወይም አልበራ ማለት
- ያለ ምክንያት የሚጮህ ማስጠንቀቂያ
- በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ባትሪ
- የስርቆት መከላከያው መብራት እየበራ ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው መጥፋት

በትሬይልብሌዘር ሞጁሉ የሚገኘው በኋላ መቀመጫ ሥር በግራ በኩል፣ ከኋለኛው የፊውዝ ሳጥን ጋር ነው። ቦታው ለወለል ቅርብ በመሆኑ ምንጣፍ ውስጥ የገባ ውኃ ወይም የፈሰሰ መጠጥ ወደ ሶኬቶቹ ሊደርስና ሊያዝጋቸው ይችላል። ባትሪ ሲታሰር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መገልበጥም ሞጁሉን ያቃጥላል።

ተመሳሳይ ምልክት ከሌላ ሞጁልም ሊመጣ ይችላል። ለምሳሌ በ2012 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ የ2006 እና የ2007 ሞዴል የሆኑ የተወሰኑ ትሬይልብሌዘሮችን ለጥገና መልሶ ጠርቷል። ምክንያቱ ፈሳሽ ወደ ሾፌሩ በር ሞጁል ገብቶ ሾርት ሊፈጥርና እሳት ሊያስነሳ መቻሉ ነበር። በእንዲህ ዓይነት መኪና የበር መቆለፊያ ሲበላሽ ቢሲኤምን መቀየር ችግሩን አይፈታም፤ አደጋውንም አያስወግድም።

ከመቀየሩ በፊት የሚደረግ ምርመራ

መጀመሪያ የሚለካው ባትሪው ነው። ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ መኪናው ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ጤነኛ ሞጁልም የተበላሸ ይመስላል።

ሁለተኛው ለሞጁሉ ኃይል የሚያደርሱት ፊውዞችና ኔጋቲቩን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ናቸው። ዕቃዎቹ እየሠሩ በኔጋቲቩ ሽቦ ሁለት ጫፎች መካከል የሚለካው ቮልቴጅ ከ0.1 ወይም ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ማሰሪያው ዝጓል ወይም ላልቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው መኪናው ቆሞ የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ነው። ሞጁሎቹ ሁሉ ከተኙ በኋላ ከ0.05 አምፔር በታች መሆኑ የተለመደ ነው። ሳይተኛ የሚቀር ሞጁል 0.5 አምፔር ቢወስድ፣ 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ120 ሰዓት ማለትም በ5 ቀን ባዶ ይሆናል፤ ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

በመጨረሻ መመርመሪያ ማሽን ተሰክቶ ኮዶቹ ይነበባሉ። በእንግሊዝኛው ፊደል «ቢ» የሚጀምር ኮድ የቦዲን፣ በ«ዩ» የሚጀምር ደግሞ የመረጃ መስመርን ችግር ያመለክታል። ሌሎቹ ሞጁሎች እየመለሱ ቢሲኤም ብቻ ዝም ካለ፣ ኃይሉና ሽቦዎቹም ደህና ከሆኑ፣ ጥርጣሬው ወደ ሞጁሉ ያዘነብላል።

አሠራር

1. አሮጌው ሞጁል የሚነበብ ከሆነ በውስጡ የተመዘገበው መረጃ ይገለበጣል።
2. ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል።
3. የኋላ መቀመጫው ይነሳል፤ የፊውዝ ሳጥኑ ሽፋን ይከፈታል።
4. ሠራተኛው በሰውነቱ ያለውን የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ለማስወገድ ያልተቀባ የመኪና ብረት ይነካል።
5. የሶኬቶቹ መቆለፊያ ተለቆ ሞጁሉ ይወጣል። ሶኬቶቹ እርጥበት ወይም ዝገት ካላቸው አዲሱ ከመግባቱ በፊት ምንጩ ይፈለጋል፤ አለዚያ አዲሱም በዚያው መንገድ ይበላሻል።
6. አዲሱ ይሰካል፤ ባትሪው ይታሰራል።
7. የመኪናው የሻሲ ቁጥርና ከፋብሪካ ይዟቸው የወጣው ዕቃዎች ዝርዝር በሞጁሉ ላይ ይጻፋል። ለዚህ ሥራ በጄኔራል ሞተርስ አከፋፋዮች ዘንድ ያገለግል የነበረው ቴክ ቱ የተባለው መሣሪያ ነው።

የስርቆት መከላከያውን ማስተማር

ከፕሮግራም ሥራው በኋላ አዲሱ ሞጁል የቁልፍ ጉሮሮውን ምልክት፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ደግሞ የአዲሱን ሞጁል የይለፍ ቃል መማር አለባቸው። ሞተር ለማስነሳት ቁልፉ ይዞራል፤ ከዚያ ወደ «ኦን» ተመልሶ ይተዋል። 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ የስርቆት መከላከያው መብራት ሲጠፋ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንዶች ይዘጋል። ይህ 3 ጊዜ ስለሚደገም በጠቅላላው 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ባትሪው እንዳይደክም ቻርጀር ማያያዝ ይመከራል። የጥበቃው ጊዜ ሆን ተብሎ የረዘመ ነው፤ ሌባ መንገድ ዳር ቆሞ ግማሽ ሰዓት እንዲጠብቅ ያስገድዳል።

ያገለገለ ሞጁል

ያገለገለ ሞጁል ከአዲስ ይረክሳል፤ ነገር ግን የቀድሞውን መኪና መረጃ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከመገዛቱ በፊት የዕቃው ቁጥር፣ የሞዴሉ ዓመትና መኪናው የነበሩት ዕቃዎች መመሳሰል አለባቸው። ቅርጹና ሶኬቱ አንድ መሆኑ ብቻ ማረጋገጫ አይደለም፤ ውስጡ የተጻፈው ካልተስማማ አንዳንድ ዕቃዎች ሳይሠሩ ይቀራሉ። አሮጌውም ሞጁል አዲሱ ተገጥሞ መኪናው ለጥቂት ቀናት ያለ ችግር እስኪሠራ ድረስ አይጣልም፤ ችግሩ ከሌላ ቦታ ሆኖ ከተገኘ ተመልሶ ሊገባ ይችላል።