ሃሽታግ (በላሊበላ ምግብ ቤቶች)
በማኅበራዊ ሚዲያ ከቃል ፊት የሚገባ የ# ምልክት፤ ተበታትነው የተለጠፉ ጽሑፎችንና ፎቶዎችን በአንድ ርዕስ ሥር ይሰበስባል። ክሪስ ሜሲና ትዊተር ላይ እንዲሠራበት ሐሳብ ያቀረበው በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። የላሊበላ ምግብ ቤት በሃሽታግ በኩል በሩቅ እንግዳ ዓይን የሚገባው ብዙ ጊዜ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ስም ጋር ተጎዳኝቶ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራው ቤን አበባ ምግብ ቤት ግን ቅርጹ ራሱ ፎቶ ይጋብዛል (ስሙ የስኮትላንዳውያንን «ቤን»፣ ማለትም ተራራ፣ ከእኛው አበባ ጋር ያጋባ ነው)።

በአማርኛ ሲጻፍ ፈተናው ሞክሼ ፊደል ነው። #የጾም_ምግብ እና #የፆም_ምግብ ለአንባቢ አንድ፣ ለማሽን ሁለት ናቸው፤ የሱሺ ሻጭ ቢመጣማ «ዓሣ»ን ብቻ በብዙ ዓይነት መጻፍ ሊኖርበት ነው። በቃላት መካከል ክፍተት ከተተወም ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ ባለችበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ የሚለጠፍበት መረብም ጠፋ።