የአከርካሪ ማቅኛ ዘንጎችና አመዳደባቸው

የአከርካሪ ማቅኛ ዘንግ ማለት፣ በጠመመ ወይም በጎበጠ አከርካሪ ግራና ቀኝ በቀዶ ሕክምና ተቀብሮ፣ በመንጠቆ፣ በሽቦ ወይም በብሎን ከአጥንት ጋር የሚያያዝ፣ ከማይዝግ ብረት፣ ከቲታኒየም ወይም ከኮባልትና ክሮም ቅይጥ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ተግባሩም ዕድሜ ልክ መሸከም ሳይሆን አጥንቶቹ እርስ በርሳቸው እስኪጋጠሙ ድረስ የቀናውን ቅርጽ መጠበቅ ስለ ሆነ፣ አጥንቱ ሳይጋጠም ቢቀር ብረቱ ውሎ አድሮ ሊሰበር ይችላል።

ጥንተ ታሪክ

የጀማሪነቱ ክብር ለማን ይገባል የሚለው ነገር እንደ መስፈርቱ ይለያያል። ብረትን ከአከርካሪ ጋር ማሰር ብቻውን የሚበቃ ከሆነ፣ በቴክሳስ የአንገት አከርካሪ ስብራትን በሽቦ ያሰሩት፣ ሥራቸውንም እ.ኤ.አ. በ1891 ያሳተሙትና ዘዴው በነቀርሳ (በቲቢ) ለጎበጡ ሕሙማን ጭምር እንደሚረዳ ያመለከቱት በርትሆልድ ሐድራ ይቀድማሉ። ሽቦ ዘንግ አይደለም ከተባለ ግን ክብሩ ወደ ጀርመናዊው ፍሪትስ ላንገ ያልፋል፤ እሳቸው በነቀርሳ የተጎዳውን አከርካሪ በውስጥ በተቀበረ የብረት ዘንግ መደገፍን እ.ኤ.አ. በ1910 ገልጸዋልና። ይሁን እንጂ ሥራው ሥርዓት ይዞ በዓለም የተሠራጨው፣ የሂዩስተኑ ፖል ሐሪንግተን በፖሊዮ ምክንያት አከርካሪያቸው ለጠመመ ሕፃናት ያበጁትን ዘንግ እ.ኤ.አ. በ1962 በጽሑፍ ካስታወቁ በኋላ ነው።

አመዳደብ

ዘንጎች በማዕድናቸው ሳይሆን ኀይልን ወደ አጥንት በሚያስተላልፉበት መንገድ ቢመደቡ ይሻላል። የሐሪንግተን ዘንግ አከርካሪውን ከላይና ከታች ጫፉ ይለጥጣል፤ የወገብን ተፈጥሯዊ ስርጉድነት አለመጠን ማቅናቱ ግን እንደ ነቀፌታ ይቈጠርበታል። የሜክሲኮው ኤድዋርዶ ሉኬ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በየአከርካሪው በሽቦ ማሰርን ስላስፋፉ ኀይሉ በብዙ ነጥቦች ተከፋፈለ፤ ሽቦው ግን በኅብለ ሰረሰር አጠገብ ያልፋል። ፈረንሳውያኑ ኮትሬልና ዱቡሴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለት ዘንጎችን በብዙ መንጠቆዎች አያይዘው ጥመቱን በማዞር ጭምር የሚያቀና ስልት አመጡ። ዛሬ የበዛው፣ ፈረንሳዊው ሬይሞን ሮይ-ካሚይ ፈር የቀደዱለት፣ ከጀርባ ገብቶ እስከ አከርካሪው አካል የሚዘልቀው ብሎን ነው።

ዕድገታቸውን ላልጨረሱ ሕፃናት የሚውሉት መሣሪያዎች በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም የሚለጥጡ፣ የጥመቱን ውጫዊ ወገን የሚጨምቁና ዕድገትን የሚመሩ ናቸው።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ የሚኖሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆደስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጽኑ ጥመት ያላቸውን ሕሙማን ወደ ጋና፣ ወደ አከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ዘንድ ሲልኩ ቆይተዋል። ሕመምተኛው ዘግይቶ ሲደርስና ጥመቱ ሲጸና፣ በራስ ቅል ላይ በሚታሰር ቀለበት ለሳምንታት በክብደት ቀስ ብሎ እየተሳበ ከቆየ በኋላ ዘንጉ ይገባለታል።

ከምደባው የሚገኘው ረብ በገጠር ይበልጥ ይታያል። ለጣጭ ዘንግ በየስድስት ወሩ ገደማ በቀዶ ሕክምና መራዘም ስላለበት፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር ለሚመጣ ልጅ እያንዳንዱ ቀጠሮ የአባይን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ መድረስንና የወላጅን የእርሻ ወራት ማጣትን ሊያስከትል ይችላል፤ በማግኔት ከውጭ የሚራዘመው ዘንግ ተደጋጋሚውን ቀዶ ሕክምና ቢያስቀርም፣ ውድ ከመሆኑም በላይ ማራዘሚያ መሣሪያው ወዳለበት መመላለስ ግድ ነው። ስለዚህ መዳቢው ከኀይሉ አቅጣጫ ጋር የሚፈለገውን ምልልስ ቢያስገባ መልካም ይመስላል።

ጉዳቶች

የቁስል ማመርቀዝ፣ የብሎን መላላት፣ የዘንግ መሰበርና የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ይጠቀሳሉ።