ስውር የዋይፋይ ኔትወርክ

ስሙን በአየር ላይ እንዳያሳውቅ የተደረገ ገመድ አልባ ኔትወርክ ነው። ማንኛውም የዋይፋይ ራውተር መኖሩን የሚገልጽ አጭር መልእክት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይልካል። ኔትወርኩ ሲሰወር መልእክቱ አይቋረጥም፤ የስሙ ቦታ ብቻ ባዶ ይሆናል።

ኮምፒውተርን ለማገናኘት ስሙን በራስ መጻፍ ግድ ነው። በዊንዶውስ 11 ወደ ዋይፋይ ቅንብር ገብቶ የሚታወቁ ኔትወርኮች በሚዘረዘሩበት ገጽ አዲስ ኔትወርክ መጨመር፣ ከዚያም ስሙን፣ የጥበቃውን ዓይነትና የይለፍ ቃሉን ማስገባት ይቻላል። የላቲን ፊደል ትልቁና ትንሹ ይለያያል፤ ከስሙ ኋላ የገባች አንዲት ባዶ ቦታም ግንኙነቱን ታከሽፋለች። ስሙ ከ32 ባይት መብለጥ አይችልም። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ የተሰየመ ኔትወርክ ከ10 ፊደል አያልፍም።

ብዙዎች ስምን መደበቅ ጥበቃ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲገናኝ ስሙን ሳያመሰጥር ስለሚጠራው፣ የአየሩን ሞገድ የሚያዳምጥ ሶፍትዌር ያለው ሰው ያነበዋል። ይባስ ብሎ፣ በራሱ እንዲገናኝ የታዘዘ ላፕቶፕ ኔትወርኩ በሌለበት ካፌና አውሮፕላን ማረፊያ ሁሉ ያንን ስም እየጠራ ሊፈልገው ይችላል፤ በዚህም የባለቤቱን ማንነት ሊጠቁም ይችላል። እውነተኛው ጥበቃ ደብሊውፒኤ2 ወይም በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደብሊውፒኤ3 የተባለው የምስጠራ ስልት ነው። ስለዚህ ስሙን ለመሰወር ከመድከምዎ በፊት የይለፍ ቃልዎን ያርዝሙ።