ሙሸበክ በጎጃም መንገድ

የጎጃም ድግስ ሲነሳ ስንቱ ነገር ይነሳል። ጠላው፣ ጠጁ፣ አረቄው፣ ዶሮው፣ ድፎ ዳቦው። እስቲ ከዚህ ሁሉ መካከል «ጣፋጭ ምግብ» የሚባል አንድ ጥሩልኝ። ማር በዳቦ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይበላል። ግን የጎጃም ማር ዋና መንገዱ ወደ ጠጅ ጋን ነበር፤ ከምግብ ይልቅ የመጠጥ ወገን ነው። ከበሉ በኋላ ጣፋጭ ነገር ማቅረብ የሚባለው ወግ አያቶቻችን ዘንድ አይታወቅም። እነሱ ከማዕድ በኋላ የሚያቀርቡት ቡናና ጨዋታ ነው።

ታዲያ ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬም ገንጠል ብላችሁ የወምበርማዋ ሽንዲ ድረስ ስትሄዱ በየሻይ ቤቱ መስታወት ውስጥ የተደረደረው ነገር ከየት መጣ? ቦምቦሊኖው ጣሊያን ነው። የሚሠራበት ነጭ ዱቄትም «ፉርኖ» የሚል የጣሊያን ስም ይዞ ቀርቷል፤ በቋንቋቸው ፎርኖ ማለት የዳቦ ምድጃ ነው። ሳምቡሳው ከፋርስ ተነስቶ በዓረብ በኩል የዞረ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግን የእኔን ልብ የሚይዘው ያ ብርቱካንማ፣ እንደ ተተበተበ ገመድ የተጠማዘዘው፣ ሲይዙት ጣት ላይ የሚጣበቀው ሙሸበክ ነው።

ስሙ ዓረብኛ ነው። «ሸበክ» ከሚለው ሥር የወጣ ሲሆን መረብ፣ የተጠላለፈ ነገር ማለት ነው። ሕንዶች የቅርብ ዘመዱን ጀሌቢ ይሉታል። የቆየው የዓረብኛ ስሙ ደግሞ ዘላቢያ ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ኢብን ሰያር አል ወራቅ የሚባል ሰው ባሰናዳው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ የዘላቢያ አሠራር ተጽፎ ይገኛል። ያን ጊዜ ተጠብሶ የሚነከረው በማር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ምግብ ነው ሻይ ቤት ገብተን በሳንቲም ስንገዛው የኖርነው።

አሠራሩ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሲሞክሩት ግን ያስለቅሳል። ፉርኖ ዱቄት በውኃና በእርሾ ተበጥብጦ ይቀመጣል። ብዙ ከቆየ ይኮመጥጣል፣ ካልቆየም ውስጡ አየር ስለሌለው ድንጋይ ይሆናል። ሊጡ የእንጀራን ያህል የቀጠነ፣ የዳቦን ያህልም የወፈረ መሆን የለበትም። ከዚያ ከታች በተበሳ ዕቃ እየፈሰሰ በጋለ ዘይት ላይ ክብ እየዞረ ይጠላለፋል። ሲወጣ ትኩሱን ሽሮፕ ውስጥ ይነከራል። ሽሮፑ ውስጥ የሎሚ ጭማቂ ጠብ የሚደረገው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የሎሚው ኮምጣጤነት ስኳሩን ስለሚሰባብረው ሽሮፑ ቀዝቅዞ ወደ ጠጠር እንዳይመለስ ይጠብቀዋል። ባለሙያዎቹ ይኼን ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የመጣላቸው።

ዱቄትና ዘይት ቢገኝ እንኳ ስኳር ከሌለ ሙሸበክ የለም። ስኳር ደግሞ ለሀገራችን የቅርብ እንግዳ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲራራ ነጋዴው ከእናርያ ተነስቶ፣ ጉድሩን አልፎ፣ ዐባይን ተሻግሮ የጎጃሙ ባሶ ገበያ ይደርስና ወደ ጎንደርና ምጽዋ ይቀጥል ነበር። በአጋሰሱ ላይ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ አለ፤ ሲመለስ አሞሌ ጨውና ጨርቅ አለ። ስኳር ቢኖር እንኳ የመኳንንት ነገር ነው። የዚያ ንግድ ባለቤቶች አብዛኞቹ እስላሞች ስለነበሩ በእኛ አካባቢ «ነጋዴ» ማለት ራሱ እስላም ማለት ሆኖ ኖሯል። ስኳር በገፍ የመጣው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወንጂ ላይ ፋብሪካ ከፍቶ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ነው። ከወንጂው ስኳር ጋር ሻይም በየገጠሩ ተስፋፋ፤ ሻይ ሲስፋፋ ደግሞ ከሻዩ ጋር የሚቆረጠም ነገር መፈለጉ አይቀርም።

ስኳሩን ወደ ትንንሽ ከተሞች ያደረሰው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው የረሳናቸው ሰዎች የሚመጡት።

ሱቅ፣ ሳንዱቅ፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ሻይ። አምስቱም ቃላት በዓረብኛ በኩል የመጡ ናቸው። ዕቃውን የሸጠልን ሰው ስሙንም አብሮ ሸጠልን ማለት ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ይልቁንም የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ ከሃድረመውትና ከሰሜን የመን ድህነትንና የኢማሞቹን ግብር የሸሹ ሰዎች ባሕሩን እየተሻገሩ ገብተው በየከተማው ሱቅ ከፈቱ። ሕዝቡም «ዓረብ ሱቅ» አለው። ክብሪት፣ ላምባ፣ መርፌና ክር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር እዚያ ይገኛል። ባለሱቁ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሀገሩን ልጅ ያገባል፣ ይወልዳል፣ አማርኛውን ይለምዳል፣ በዱቤ ይሰጣል። ሙሸበክና ሃላዋም በእነዚህ ሰዎችና በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በመርካቶ በነበሩ ወገኖቻቸው እጅ ነው ከእኛ አፍ ጋር የተዋወቁት።

አብዛኞቹ ግን ዛሬ የሉም። በ1960ዎቹ የዓረብ መንግሥታት የኤርትራን አማፅያን ይረዳሉ በሚል በዓረቦች ላይ ጥርጣሬና ጥላቻ በረታ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ንግድና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሄዱ ስል ወዴት? አባትየው ወደ ሀገሩ ነው፤ ልጆቹ ግን ወደማያውቁት ሀገር። የመን ውስጥ ከውጭ እናት የተወለደ ሰው «ሙወለድ» ይባላል፤ ቃሉ ምርቃት አይደለም። እዚህ «ዓረብ» ሲባል ያደገ ልጅ እዚያ ሲደርስ «ሐበሻ» ተባለ። ይኼን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የጻፈው መሐመድ አብዱልወሊ ነው። አባቱ የመናዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ በ1965 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ትርጉሙ «ባዕድ ሆነው ይሞታሉ» የሚሆነው አጭር ልቦለዱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሲነግድ ስለኖረ የመናዊ ነው። ባለሱቁ ዕድሜ ልኩን ለሀገሩ ቤት እያጠራቀመ ሀገሩን ሳያይ ይሞታል። እኛ ሰፈር የነበረውን ሰው ታሪክ ለማንበብ የዓረብኛ መጽሐፍ መግለጥ ግድ መሆኑ ይገርመኛል። በአማርኛ ልቦለዶቻችን ውስጥ ባለሱቁ ዓረብ ብቅ ቢል እንኳ ብዙ ጊዜ ሚዛን የሚያጭበረብር ሆኖ ነው።

ሰዎቹ ሄዱ፣ ሙሸበኩ ቀረ። ለምን ቀረ? የእኔ መልስ ጾም ነው። ሙሸበክ ውስጥ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ዱቄት፣ ውኃ፣ ዘይትና ስኳር ብቻ ነው። በረመዳን ማምሻ አንዋር መስጊድ አካባቢ ከሳምቡሳና ከተምር ጋር ለማፍጠሪያ የሚሸጠው ያው ሙሸበክ፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመው ክርስቲያንም ሳይነቀፍ ይቀርባል። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ሲገቡ የአንዱ ጾም ማፍጠሪያ የሌላው የጾም ምሳ ሆኖ ከአንድ መጥበሻ ወጥቷል። ኬክ ቤቶች ለጾም ብለው ስንት ነገር ይጠበቡ የለ? ሙሸበክ ግን ምንም መጠበብ ሳያስፈልገው ከባግዳድ ጀምሮ ጾመኛ ነው።

ባቅላባም እንዲሁ በዘይት እየተሠራ በጾም ይበላል። ቱርኩ፣ ግሪኩና ዓረቡ የኔ ነው እያሉ የሚጣሉበት ምግብ ነው፤ የቱርኳ ከተማ ጋዚያንቴፕ በ2013 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ ኅብረት ለባቅላባዋ የስም ጥበቃ እስከማግኘት ደርሳለች። የእኛው ባቅላባ ፒስታቺዮውን ትቶ በለውዝ ተተካ። አስቂኙ ነገር ዓረቡ «ለውዝ» ሲል ሌላ ነገር ነው የሚያስበው፤ የአልሞንድ ፍሬ ነው። እኛ ቃሉን ወስደን የራሳችንን ፍሬ ሞላንበት።

አሁን ደግሞ መንገዱ ተገልብጧል። ድሮ ዓረቡ ነበር ድህነት ሸሽቶ ወደኛ የሚመጣው፤ ዛሬ የእኛ ልጆች ናቸው ወደ ዓረብ ሀገር የሚሄዱት፤ ከምዕራብ ጎጃም ገጠርም ጭምር። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ወራት ከሳዑዲ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተባሮ ተመልሷል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ሴቶች የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ዓመታት የቆዩ ናቸው። ሻንጣቸው ተቀምቶ የመጡት እንኳ አንድ ነገር ይዘው መጥተዋል፤ ኩናፋ፣ ባስቡሳ፣ ሉቀይማት፣ ባቅላባ የሚሠራ እጅ።

ሽንዲ ላይ በአንዲት ሻይ ቤት ሙሸበክ ያቀረበችልኝ ወጣት ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ሙሸበኩ ቀለም አልገባበትም፤ ቡናማ ነው፣ ሽታውም የሽሮፕ አይደለም።

«ምንድን ነው የነከርሽበት?» አልኋት።

«ማር ነው ጋሼ። ስኳር ጠፍቶብኝ።»

«ታዲያ ከስኳሩ ይሻላል እኮ!»

«ለሚበላው ይሻላል» አለች፣ ሳህኑን እያነሳች። «ለእኔ አያዋጣም። የማሩን ዋጋ ጨምሬ ብሸጥልዎ ማን ይገዛኛል? ስኳር ሲመጣ ወደ ስኳሩ ነኝ።»

ባግዳዶቹም በማር ይነክሩት እንደነበር ነገርኋት። ብዙም አልደነቃት። ከውጭ አንድ ገበያተኛ አራት ቦምቦሊኖ ጠራና እሱን ልትጠቀልል ሄደች።