ቆጣቢነትን የሰበከ ኩባንያና ፈጣኗ ራምብለር፦ ብርቅ ቅርስ ስለ ዘመኑ ምን ይመሰክራል?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት አሜሪካዊ መኪና ናት፤ በ1969 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በኬኖሻ ከተማ የተሠራችው ሀርስት ኤስሲ ራምብለር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ። ከዚህች መኪና የተሠሩት 1,512 ብቻ ናቸው። ዛሬ ወዳጆቿ የተረፉትን እየፈለጉ ያድሳሉ፤ ስለ ቀለሟ አቀባብና ስለ ጥቃቅን ዕቃዎቿ ሳይቀር ይከራከራሉ። የእኔ ጥያቄ ግን የታሪክ ተመራማሪን የሚመለከት ነው፦ ብርቅ በመሆኑ ተጠብቆ የቆየ ነገር፣ ስለ ተራውና ስለ ብዙኃኑ ኑሮ ምን ያህል ሊመሰክር ይችላል?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1954 እንመለስ። በዚያ ዓመት ናሽ ኬልቪኔተርና ሀድሰን ተዋሕደው አሜሪካን ሞተርስን መሠረቱ። አዲሱ ኩባንያ ከጄኔራል ሞተርስ፣ ከፎርድና ከክራይስለር ጋር በየመስኩ የሚፎካከርበት አቅም አልነበረውም። የውሕደቱ መሪ ጆርጅ ሜሰን በዚያው ዓመት ሲያርፉ በቦታቸው የተተኩት ጆርጅ ሮምኒ ግን ይህን የአቅም ማነስ ወደ መርሕ ለወጡት። ትልልቆቹን መኪኖች ነዳጅ ፈጂ ዳይኖሰሮች እያሉ ተሳለቁባቸው፤ አነስተኛዋን ራምብለርንም የአስተዋይ ቤተሰብ ምርጫ አድርገው አቀረቧት። በ1958 የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ገዢው ወደ ቆጣቢዋ መኪና ዞረ፤ ኩባንያውም አተረፈ። በ1960 የተሸጡት ራምብለሮች ከ400,000 በላይ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ስኬቱ ራሱ ተፎካካሪ ጠራ። ሦስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች የየራሳቸውን አነስተኛ መኪና ይዘው ወደ ገበያ ገቡ። ሮምኒም በ1962 ኩባንያውን ትተው ለሚሺጋን አገረ ገዢነት ተወዳደሩ፤ አሸነፉም። በጦርነቱ ማግስት የተወለደው ትውልድ መንጃ ፈቃድ ወደሚይዝበት ዕድሜ ሲደርስ ደግሞ የገበያው ልብ ከቁጠባ ወደ ፍጥነት አዘነበለ። ከእሽቅድምድም መራቁን በማስታወቂያ ይኩራራበት የነበረው አሜሪካን ሞተርስ በኪሳራ ውስጥ ሲገኝ፣ በ1967 አመራሩን የያዙት ሮይ ቼፒን ልጁ አቅጣጫውን መለወጥ ግድ ሆነባቸው።

ኤስሲ ራምብለር የዚህ ለውጥ ልጅ ናት። ለቤተሰብ ታስቦ በተሠራው ቀላል አካል ውስጥ ባለ 390 ኪዩቢክ ኢንች፣ ባለ 315 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተገጠመ። በማርሽ ዘንጎቹ የታወቀው ሀርስትም የሥራው ተባባሪ ሆነ። መኪናዋ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ተቀብታ፣ በኮፈኗ ላይ ትልቅ የአየር መሳቢያ ተደርጎላት በ2,998 ዶላር ቀረበች። ለሽያጭ በሚመረቱ መኪኖች የውድድር ምድብ ለመግባት ቢያንስ 500 መሠራት ነበረባቸው፤ ፈላጊዋ ሲበዛ ሁለት ተመሳሳይ ዙሮች ተጨመሩ። የሚያስደንቀው፣ ራምብለር የሚለው ስም በአሜሪካ ገበያ ያበቃው በዚያው በ1969 መሆኑ ነው። በቁጠባ የገነነው ስም የተሰናበተው በጩኸትና በጭስ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የእነዚህ መኪኖች ወዳጆች የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ ምንጭን መመርመር ነው። ቀይና ሰማያዊ ቀለም ማንም ሊቀባ ይችላል፤ ስለዚህም ከተራ ራምብለር የተሠሩ አምሳያዎች አሉ። ያ ትልቅ ሞተር ግን በዚያ ዓመት ለሌሎቹ የራምብለር ዓይነቶች አልቀረበም፤ በመሆኑም በመኪናዋ መለያ ቁጥር ውስጥ ያለው የሞተር ምልክት ከቀለሙ ይልቅ ይታመናል። መልክን ከሰነድ ለይቶ መመዘን እኛም በክፍል ውስጥ የምናስተምረው ነው፤ ስለዚህ ይህን ትጋት እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ መቁጠር አይገባም።

ሆኖም ፍቅር መራጭ ነው። በመቶ ሺዎች ተሠርተው ሠራተኛን ወደ ሥራው፣ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ያመላለሱት ራምብለሮች አብዛኞቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠዋል፤ ከተረፉትም አንዳንዶቹ ለብርቋ እኅታቸው መለዋወጫ ሆነው አልቀዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ በሰብሳቢዎች እጅ ያለውን ብቻ ቢያይ፣ አሜሪካዊት አነስተኛ መኪና ማለት የእሽቅድምድም መኪና ነበረች ብሎ ሊደመድም ይችላል። ቅርሱ እውነተኛ ነው፤ ድምዳሜው ግን ሐሰት ይሆናል።

የኬኖሻ ሠራተኞችም በዚህ ትዝታ ውስጥ ስፍራቸው ጠባብ ነው። ክራይስለር በ1987 አሜሪካን ሞተርስን ገዛ፤ በ1988 መጨረሻም በኬኖሻ መኪና መገጣጠም ቆመ። ቆጣቢዋንም ፈጣኗንም የገጣጠሙት እጆች ከአንድ ከተማ የወጡ ነበሩ፤ በአውደ ርዕይ የምትቆመው ግን አንዷ ብቻ ናት።

እንግዲህ ከብርቅ ቅርስ ፊት ስንቆም ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ እውነተኛ ነውን? ከዚህ ጋር አብሮ የነበረውና ያልተጠበቀውስ የት ሄደ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ወዳጆቿ በሚገባ መልሰውልናል። ሁለተኛውን መመለስ የታሪክ ባለሙያ ድርሻ ነው።