ሺህ ሰዓት የተፈረደበት አምፖል

እናቴ ዕቃ አትጥልም። ዘይቱ ያለቀ ጀሪካን ውሃ መያዣ ይሆናል፤ የወተት ጣሳ የበርበሬ ማስቀመጫ፤ ያረጀ ፎጣ ደግሞ የወለል መወልወያ። ባለፈው ክረምት ቤት ስሄድ የሳሎኑን የድሮ ቢጫ አምፖል በኤልኢዲ ልቀይርላት ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ። «ተው እንጂ! ምን አደረገህ? ሳይቃጠል ለምን ይጣላል?» አለችኝ።

የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመራማሪ ነኝ፤ መልስ አጣለሁ ብዬ አላሰብኩም። ግን አምፖሉን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። «ያለህን ዕቃ እስከ መጨረሻው ተጠቀምበት፤ አዲስ ለመግዛት አትቸኩል።» ይህ እኮ ዛሬ ሚኒማሊዝም በሚል ስም፣ በጥቂት ዕቃ ስለ መኖር የሚጽፉ ሰዎች የሚሰጡት ዋና ምክር ነው። እናቴ ደግሞ ማንም ሳያስተምራት ዕድሜ ልክዋን ኖራበታለች። እኔም እሷም ብክነት እንጠላለን፤ ግን የደረስንበት መልስ ለየቅል ነው። ታዲያ ማን ነው ልክ?

ይህን ለመመለስ መቶ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጄኔቫ፣ 1924

ዲሴምበር 23 ቀን 1924 የዓለም ትልልቅ አምፖል አምራቾች ተወካዮች ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ከተማ ላይ ተሰበሰቡ። የጀርመኑ ኦስራም፣ የሆላንዱ ፊሊፕስ፣ የሃንጋሪው ቱንግስራም፣ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጃፓን ድርጅቶች ነበሩበት። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ደግሞ በውጭ አጋሮቹ በኩል ገባ። ያቋቋሙት ማኅበር «ፊበስ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከጥንት ግሪኮች የብርሃን አምላክ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ማኅበር ካርቴል ይባላል። እርስ በርስ መፎካከር የነበረባቸው ድርጅቶች ገበያውንና ዋጋውን ተስማምተው የሚከፋፈሉበት ማለት ነው።

ለምን አስፈለጋቸው? ገበያው ያስፈራ ስለነበር ነው። ኦስራም በ1922-23 በጀት ዓመት ጀርመን ውስጥ 63 ሚሊዮን አምፖል ሸጦ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት የሸጠው 28 ሚሊዮን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቴክኖሎጂው እየተሻሻለ በመሄዱ አንድ አምፖል ከ1500 እስከ 2000 ሰዓት ይበራ ነበር። ዕቃው ሲበረክት ደግሞ ገዢው ቶሎ ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ ገበያውን በየሀገሩ ከመከፋፈል ባለፈ አንድ ሌላ ነገር ወሰኑ። የአምፖል ዕድሜ 1000 ሰዓት ይሁን አሉ።

አፈጻጸሙ ነው የሚያስገርመው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የአምፖል ናሙና ስዊዘርላንድ ወዳለ ቤተ ሙከራ ይልካል። አምፖሎቹ እዚያ በርተው እስኪቃጠሉ ይጠበቃሉ። ከተፈቀደው ሰዓት በላይ የቆየ አምፖል ያመረተ ድርጅት በስዊስ ፍራንክ ይቀጣል። እስቲ አስቡት! ኢንጂነር የሚወቀሰው የሠራው ነገር ቶሎ ሲበላሽ ነው። እዚህ ግን አልበላሽ ብሎ ሲቆይ አስቀጣ።

ዕድሜውን ማሳጠርም ቀላል ሥራ አልነበረም። የአምፖሉን ክር ውፍረትና ርዝመት፣ የሚሠራበትን ቮልቴጅ ደጋግሞ መሞከርና ማስተካከል ጠይቋል። ውጤቱ ግን መጣ፤ በ1926 በአማካይ 1800 ሰዓት የነበረው የአምፖል ዕድሜ በ1933-34 ወደ 1205 ሰዓት ወረደ። የማምረቻ ወጪው እየቀነሰ ሲሄድ ገዢው የሚከፍለው ዋጋ ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም።

ዝም ያላሉም ነበሩ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የስዊድን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት «ሉማ» የተባለ የራሳቸውን አምፖል ፋብሪካ ከፍተው በርካሽ መሸጥ ጀመሩ። ከጃፓን ትናንሽ ፋብሪካዎችም ርካሽ አምፖል ጎረፈ። ስምምነቱ እስከ 1955 እንዲቆይ የታሰበ ቢሆንም በ1939 የተነሣው የዓለም ጦርነት አፈረሰው።

የታሪኩ ሁለተኛ ግማሽ

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ሲነገር እዚህ ላይ ይቆማል። «አያችሁ፣ ሆን ብለው ነው የሚያበላሹብን!» ተብሎ ይዘጋል። እኔ ግን የተማርኩት ትምህርት እንዲህ በቀላሉ አያሳልፈኝም።

የድሮው አምፖል የሚሠራው ከቱንግስተን የተሠራ ቀጭን ክር 2500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ በማጋል ነው። ክሩ ይበልጥ በጋለ ቁጥር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚለውጠው ድርሻ ይጨምራል። ግን ደግሞ ይበልጥ በጋለ ቁጥር ብረቱ ቶሎ ይተንናል፤ ይሳሳል፤ ይበጠሳል። ስለዚህ ዕድሜና ብርሃን ይሻማሉ። በግምት ቮልቴጁን 5 በመቶ ብትቀንሱት የአምፖሉ ዕድሜ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ብርሃኑ ግን ወደ 16 በመቶ ይቀንሳል። የሚወስደው ኃይል ደግሞ የሚቀንሰው በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ረጅም ዕድሜ ያለው አምፖል ለተመሳሳይ ብርሃን የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል።

በካሊፎርኒያ ሊቨርሞር ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ከ1901 ጀምሮ የሚበራ አምፖል አለ። ሰዎች ሊያዩት ይሄዳሉ፤ «ድሮ ዕቃ እንዴት ይበረክት ነበር» የሚለውም ሁሉ እሱን ይጠቅሳል። ግን ዛሬ የሚወስደው 4 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ብርሃኑም ደብዛዛ ነው፤ መጽሐፍ አያስነብብም። በዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ አይጠፋም፣ አይበራም። ረጅም ዕድሜ ያገኘው እምብዛም ስለማይሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዳዩን በኋላ የመረመሩትም በአንድ ቃል አልፈረዱም። በ1949 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጄኔራል ኤሌክትሪክ የአምፖል ገበያን በሞኖፖል በመያዝ ሕግ ጥሷል ብሎ ወሰነ። በ1951 ደግሞ ጉዳዩን ያጠናው የእንግሊዝ የሞኖፖል ኮሚሽን 1000 ሰዓት በብርሃንና በዕድሜ መካከል ተቀባይነት ያለው ሚዛን ነው አለ።

እኔ ምን እላለሁ? ቁጥሩ ራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ ቁጥሩ የተወሰነበት መንገድ ላይ ነው። ገዢው «ደብዘዝ ይበል ግን ይቆይልኝ» ወይም «ቶሎ ይቃጠል ግን ያድምቅልኝ» ብሎ መምረጥ ይችል ነበር። ምርጫው ግን ሱቅ ከመድረሱ በፊት በተዘጋ በር ተወሰደበት። ደግሞም ጉዳዩ ቴክኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅጣት ባላስፈለገ።

ዕቃውን ማስረጀት፣ ዓይናችንን ማስረጀት

በ1932 የዓለም ኢኮኖሚ ክፉኛ ወድቆ በነበረበት ጊዜ በርናርድ ለንደን የተባለ የኒው ዮርክ የሪል እስቴት ነጋዴ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ምርት የዕድሜ ገደብ ይስጠው፤ ጊዜው ሲያልፍ ተሰብስቦ ይጥፋ፤ ያኔ ሰው አዲስ ይገዛል፣ ፋብሪካም ሠራተኛ ይቀጥራል የሚል ነበር። ሕግ አልሆነም። የተጠቀመበት ስያሜ ግን ቀረ፤ በእኛ ቋንቋ «ታቅዶ ማስረጀት» ልንለው እንችላለን።

የተሳካው ግን ሌላ ዘዴ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1920ዎቹ በየዓመቱ የመኪናውን መልክ መቀያየር ጀመረ። የአምናው መኪና ደህና ይሄዳል፤ ግን «የአምና» ነው። እዚህ ላይ የሚያረጀው ዕቃው ሳይሆን ዓይናችን ነው። እስቲ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ አስቡት። ይደውላል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ጓደኛችሁ አዲስ ሞዴል ይዞ በመጣ ማግስት ግን ምን መሰላችሁ?

ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት መድኃኒቱ በእጃችን ነው። «የእኔ ይበቃኛል» ማለት። ለመጀመሪያው ግን የግል ቁጠባ ብቻውን አይበቃም፤ ሕግ ይፈልጋል። ፈረንሳይ በ2015 ታቅዶ ማስረጀትን ወንጀል አደረገች፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ እንደ ስልክና ልብስ ማጠቢያ ያሉ ዕቃዎች ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመቹ ከ10 የሚሰጥ ነጥብ አብሯቸው እንዲለጠፍ አዘዘች። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ በ2022 ብቻ ዓለማችን 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡ እንኳ አይሞላም።

ቁራሌውና ምጣዱ

በእኛ ሰፈር ጠዋት ጠዋት «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ እየሰማን ነው ያደግነው። የተሰበረ ፕላስቲክ፣ የዛገ ብረት፣ ባዶ ጠርሙስ ሁሉ ዋጋ አለው። ከቁራሌው እጅ የወጣ ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሆኖ ይመለሳል። ያረጀ ጎማ በረባሶ ጫማ፣ ባዶ ጣሳ ኩራዝ ሆኗል። ማንም ግን ሚኒማሊዝም አላለውም።

እርግጥ ነው፣ ይህን ሁሉ ማሞገስ ብቻ ልክ አይሆንም። በረባሶ የተደረገው ሌላ ጫማ ስለጠፋ ነው፤ የኩራዝ ጭስም ስንት ልጅ ሲያጠና ዓይኑን አቃጥሎታል። ማጣት በራሱ ጥበብ አይደለም። ጥበቡ ያለው «ይህ ይከፈታል? ይጠገናል?» ብሎ በመጠየቅ ልማድ ውስጥ ነው።

የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድን ተመልከቱ። ሬዚስታንሱ ሲበጠስ ምጣዱ አይጣልም፤ ጠጋኙ ከፍቶ የተቃጠለውን ያወጣና አዲስ ይገጥምበታል። አሁን ደግሞ ዘመናዊውን የኤልኢዲ አምፖል እዩ። አንድ ጊዜ ቤተ ሙከራችን ውስጥ በዓመቱ የሞተ አምፖል ከፍቼ ነበር (እናንተ ቤት አትሞክሩት፤ ኤሌክትሪክ አይቀለድበትም)። በተከታታይ ከተያያዙት ትንንሽ መብራቶች የተቃጠለችው አንዲት ብቻ ናት። መስመሩ እሷ ጋ ሲቋረጥ የቀሩት ደህነኞችም አብረዋት ጠፉ። ማቀፊያው ደግሞ በማጣበቂያ የታሸገ ነው፤ ሳይሰበር አይከፈትም። በብርሃን ቴክኖሎጂ ምጣዱን እጅግ ይበልጠዋል፤ በመጠገን ግን ምጣዱ ጥሎት ይሄዳል።

እናቴና እኔ

ወደ ወንበሩ እንመለስ። ወርጄ ወረቀት አወጣሁና አብረን አሰላን። የሳሎኑ አምፖል 60 ዋት ነው፤ በቀን 4 ሰዓት ይበራል። በዓመት 88 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ግን 13 ብቻ ይወስዳል። «ይሄን ሁሉ እየበላ ነው እንዴ የተቀመጠው?» አለች።

ቀጥላ ግን እኔ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ፦ «የዕቃ ቤቱስ?» የዕቃ ቤቱ አምፖል በቀን ቢበዛ 10 ደቂቃ ይበራል። በዓመት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እዚያ አዲስ መግዛት ትርጉም የለውም። ስለዚህ የሳሎኑ ተቀየረ፤ የወረደው አምፖል የዕቃ ቤቱ ሲቃጠል እንዲተካ በካርቶን ተቀመጠ። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ለየክፍሉ።

ለዚህ ነው «አትጣል» ወይም «ቀይር» የሚል አንድ ሕግ የማይሠራው። አምፖል በዕድሜው ከሚፈጀው ኃይል አብዛኛው የሚሄደው ሲበራ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰዓት የሚበራውን ቆጣቢ በሆነ መቀየር ይጠቅማል። ስልክ ግን በተቃራኒው ነው። በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚደርሰው ገና ሲመረት ስለሆነ፣ አንድ ዓመት ጨምሮ መያዝ ቻርጅ ከመቆጠብ ይልቅ ብዙ ያተርፋል።

ስለዚህ ቀጥሎ አንድ ነገር ልትገዙ ወይም ልትጥሉ ስትሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሲሠራ ምን ይበላል? ሲመረትስ ምን በላ? ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? ባለሱቁ መልሱን ላያውቅ ይችላል። ቢሆንም ጠይቁት። በ1924 ጄኔቫ ውስጥ የተሰበሰቡት ሰዎች ማንም እንደማይጠይቅ እርግጠኞች ነበሩ።